እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መስመር ያስገበሩት «ጠማማዋ»

የእጅ መንቀጥቀጥ ይወረሳል ወይስ አይወረስም? ሐኪሞቹ ሲጠየቁ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ይህን የምትጽፈው የሟች እናትም አታውቅም። የሟች ልጅ ትናንት ለለቀስተኛ ውሃ ስታቀርብ ግን ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ሲንቃጨሉ ያልሰማ የለም።

ሟች ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከአናጺ አባታቸው፣ ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተወለዱ። እናት ልጇን አንቱ ስትል አልለመደብንም የሚል ካለ ይልመድበት፤ በቁማቸው የተነፈጉት ክብር ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ትምህርት ቤት ገቡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በማስመሪያም ቢያሰምሩ መስመሩ ይወላገድባቸው ስለነበር የሒሳብ መምህሩ «ጠማማዋ» የሚል ስም አወጡላቸው። እሳቸውም አላለቀሱም፤ ደብተራቸው ሽፋን ላይ በትልቁ «ጠማማዋ» ብለው ጻፉበት። መምህሩ መሳቂያ ሊያደርጓቸው ብለው ራሳቸው መሳቂያ ሆኑ።

እናታቸው ጣታቸው እንዳይቆረጥ ፈርታ መቀስ አታስነካቸውም ነበር፤ መርፌም፣ የፈላ ውሃም እንዲሁ። እሳቸው ግን ኮሌጅ ገብተው ለእጃቸው የሚሆን ሥራ አገኙ፦ በኮምፒውተር ቅርጽና ብርሃን መሥራት። ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ነጥብ ይተከላል። መስመሩ ከመጀመሪያው ተነሥቶ መጨረሻው ላይ ያርፋል፤ መካከል ያሉትን ሁለቱን አይነካቸውም፣ ወደ እነሱ እየተሳበ ይጎብጣል እንጂ። ቀሪውን የኮምፒውተሩ ቀመር ይጨርሰዋል። ሊቀጠሩ የሄዱበት የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ አለቃ «በዚህ እጅ?» ቢሏቸው፣ «እጄ የሚያስቸግረኝ ነጥቧን እስክተክል ነው። ከዚያ ወዲያ እርስዎም ቢንቀጠቀጡ መስመሩ ንቅንቅ አይልም» አሏቸው። ተቀጠሩ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ጎባጣ መስመር አሽከርክረው ሙሉ የአበባ ማስቀመጫ ያወጡ ነበር። ከአውቶቡስ ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸውም «እኔ ላቤ ጠብ እስኪል የምዞረውን ኩርባ እሷ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የመጨረሻ ሥራቸው በካርቱን ፊልም ውስጥ በጠመዝማዛ ደረጃ የሚወርድ ፋኖስ ነው። ፋኖሱ በተከሉት መስመር ይወርዳል፣ ብርሃኑም ግድግዳውን እየዳሰሰ ይከተለዋል። ሳይጨርሱት ታመሙ፤ ፋኖሱም ደረጃው መሐል ቆሞ ቀረ። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። «ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ቀረች» ለምትሉ፦ የገደላቸው የሳንባ ምች ነው፤ ሥራቸውማ አኖራቸው።

አለቃቸው ሥራውን ዛሬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ መልእክት ልከውብናል። ልጃቸው ሙያውን ከእናቷ ተምራለችና «እኔ እጨርሰዋለሁ» ብትል፣ ታላቅ ወንድማቸው በለቀስተኛ ፊት «በዚያ እጅ? መሳቂያ ልትሆኚ ነው? አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ!» አላት። ይህን የምትጽፈው አያቷም ብትሆን ፈርታለች፤ እስካሁንም ትፈራለች።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እናታቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከብርሃኑ ያስጠጋልን። የብርሃኑን አወዳደቅ ካልወደዱት መናገራቸው አይቀርምና፣ ይታገሣቸው።

ቀብሩ ከሰዓት ነው። ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ሲደርስ ልጃቸው የእናቷን የስቱዲዮ መግቢያ ካርድ አንገቷ ላይ አጠለቀች። አጎቷ በሩን ሞልቶ ቆመ። አያቷ ብዕሯን አስቀምጣ ተነሣች፤ ክንዱን ይዛ ከበሩ ገለል አደረገችው። ልጅቷም ፋኖሱን ልትጨርስ ወጣች።