የት ነበርሽ ሲሉኝ

ጥቅምት 3፣ ሸሕዲ

ምንም የተለየ ነገር የለም። ሙቀት ብቻ። እህቴ መቅዲ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ ሱቁን እኔ ጠበቅሁ። የሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ መናኸሪያው በቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቋል። ከጎጃም፣ ከወሎ... ማጭድና የእጅ ባትሪ ሲገዙ ዋሉ።

ነርስ ነኝ፤ ማጭድ እሸጣለሁ። አይ አንቺ ፍቅርአዲስ...

እዚሁ ከተማ አንድ ክሊኒክ ነርስ ይፈልጋል አሉኝ። ነገ እሄዳለሁ። ቀሚሴን ተኮስኩ።

ጥቅምት 4

ከክሊኒኩ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ቀዶ ጥገና ክፍል ሠርተሻል? እሰይ! እንዳንቺ ያለ ነው የምንፈልገው።» ቀጥለው፣ «ከዚያ ወዲህስ? የት ነበርሽ?»

ነገርኳቸው። ለበሽተኛ የሚታዘዘውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ራሴ ስወጋው እንደነበር። በሱስ እንደተያዝኩ፣ ከሥራ እንደተባረርኩ። ጎንደር ሄጄ እንደታከምኩ፣ እንደዳንኩ፣ የሙያ ፈቃዴ እንደተመለሰልኝ።

 ክንዴን አዩት። ከዚያ... ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልካቸውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።

ስልካቸውን! እኔ ፊት!

«እንደውልልሻለን።»

የሰረቅሁት መድኃኒት ነበር። ስልክ ሰርቄ አላውቅም። ግን ይህን ለማን ይሉታል?

መቅዲ ተቆጣች። «ምን አስለፈለፈሽ? እናቴን ሳስታምም ነበር አትይም?»

«ጠየቁኝ እኮ።»

«የጠየቀሽን ሁሉ ትመልሻለሽ?»

ጥቅምት 11

ሌላ ክሊኒክ። ዋሸሁ። እናቴን ሳስታምም ነበር አልኩ። «እግዜር ይማርልሽ» አለችኝ የቀጠረችኝ ሴት፣ ከልቧ። እናቴ የምትኖረው ሳንጃ ከተማ ነው፤ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ።

«ሰኞ ጀምሪ። ሌሊት ሌሊት ብቻሽን ነሽ፤ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ አንቺ ትይዣለሽ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ በላብ ተጠመቅሁ። ብቻዬን? ከነቁልፉ?

ጥቅምት 13

አልሄድኩም።

ጥቅምት 17፣ መተማ ዮሐንስ

አላመንኩም! ተቀጠርኩ። እውነቱን ተናግሬ!

ሰውዬው ቢሻው ይባላል፤ የራሱ ክሊኒክ አለው። ሁሉንም ነገርኩት። ሳቅ አለና፣ «ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል። እኔ እንዳንቺ ያለውን ነው የምወደው» አለኝ። ደመወዙንም ከጠየቅሁት በላይ አደረገው። ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ሰው ሞቶብኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

ለመቅዲ ደውዬ «አየሽ?» አልኳት።

ጥቅምት 21

ምን ብዬ ልጻፈው?

ቢሻው ከሰዓት ወደ ጓዳ ጠራኝ። ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ትራማዶል። ሁሉም ትራማዶል፣ ያው ሱስ የሚያስይዘው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን።

«ሠራተኞቹ ወገባቸውን ያማቸዋል» አለ። «በዚች ኪኒን ሁለት ሰው የሚያጭደውን አንዱ ያጭዳል። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ አይሆንለትም፤ ተመልሶ ይመጣል። አንቺ ታከፋፍያለሽ፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ።»

«ማዘዣስ?»

ሳቀ። ያው ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ።

«እንዴት... ለምን እኔ?» አልኩት።

«ብትናገሪ ማን ያምንሻል? ቢጎድል ደግሞ ማን ወሰደው ይባላል?»

ቁጣ እንኳ የለውም። ስለ አየሩ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

 ካርቶኑን ተደግፌ ቆምኩ። የተደገፍኩትን ሳይ... ዘለልኩ። ለካ ለዚህ ነው! የወደደው መዳኔን አይደለም። መውደቄን ነው።

ጋውኔን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ባለባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋብኝ ነው መንገድ መሐል መሆኔን ያወቅሁት።

ጥቅምት 22፣ ሸሕዲ

ለመቅዲ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ሱቁን ቆለፈችና «ተነሺ» አለችኝ።

የመድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ሰው እኔን ሲያይ መቅዲ ቀደመችኝ። «እህቴ የመድኃኒት ሱሰኛ ነበረች። ስለዚህ ነው መድኃኒቱን ያወቀችው። ስማት።»

በሰው ፊት! ከአፏ! ዋሺ ያለችኝ መቅዲ!

ሰውዬው ጻፈ። ይመን አይመን አላውቅም።

ጥቅምት 29

ዛሬ ሲስተር ሰዓዲያን አገኘኋቸው። ወደ ገለጉ መንገድ፣ እርሻ መሐል፣ ለቀን ሠራተኞች የተከፈተ የአጨዳ ወቅት ክሊኒክ ይመራሉ። ሸሕዲ መድኃኒት ሊጭኑ፣ ነርስም ሊፈልጉ መጥተው ነው።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ።  ስጨርስ በሩን እያየሁ ነበር።

«መቼ መቼ ነው መርፌው የሚያምርሽ?» አሉኝ።

ምን? ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ቀጣሪ የለም። ሐኪሜ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

«ብቻዬን ስሆን። በጣም ሲደክመኝ።»

«ሲብስብሽ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያው የሚያደነዝዙትን መድኃኒቶች እኔ እቆልፋለሁ። ሌሊት ከሰው ጋር ትሠሪያለሽ። ሌላው ሥራ ያንቺ ነው። መኪናው ነገ ጠዋት ይነሣል።»

«አልፈሩኝም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ። የማይነግረኝን ግን ይበልጥ እፈራለሁ።»

መቅዲ ሻንጣዬን አሰረችልኝ። እያሰረች፣ «ምን ዓይነት ሰው ናት ይቺ ሴት?» አለች። አላውቅም። ገና እኔም አላመንኩም።

ኅዳር 12፣ እርሻ ካምፕ

መንገዱ ስለተበላሸ የመጣነው ግማሹን በትራክተር ተሳቢ ነው። ወባ፣ የእባብ ንድፊያ፣ በማጭድ የተቆረጠ ጣት... ቀኑ አይበቃም። አንድ ቀን ምሽት ላይ ሱሱ አስቸገረኝ፤ ለሲስተር ሰዓዲያ ነገርኳቸው። ድንኳናቸው ውስጥ አሳደሩኝ። ሲነጋ ሥራ ገባሁ። ማንም ምንም አላለኝም።

ዛሬ ጓደኞቹ አንድ የጎጃም ሰው ደግፈው አመጡ። ምንይችል ይባላል፤ የልጆች አባት ነው። «ወባ ነው» አሉ። ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያዛጋል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ምርመራው ወባ የለም አለ። እኔ ግን ሳየው ነው ያወቅሁት።  ራሴን ነው ያየሁት።

ጓደኞቹን አስወጣኋቸው። «ኪኒኑን ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«የምን ኪኒን? ወባ ነው፣ ሲስተር።» ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።

«የእኔ መርፌ ነበር» አልኩት።

ዞረ።  «እርስዎ? ነርሷ?»

«እኔ።»

ትክ ብሎ አየኝ። ጋውኔን፣ እጄን። ለሲስተር ሰዓዲያ አሁን እነግራለሁ፣ አብረን እንረዳሃለን፣ ስቃዩ ያልፋል አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ታዲያ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «እንዴት ቀጠሩዎት?»

«ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።»

 እጁን ኪሱ ከተተና የቀረችውን የትራማዶል እሽግ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ።

ጨበጥኳት። ተነሥቼ ወደ ሲስተር ሰዓዲያ ወሰድኳት።