ስሟን ስጠራት

ጥቅምት 6
የክትባት ቀን። ሠላሳ አንድ ሕፃን። መዘንን፣ ወጋን፣ አለቀሱ፣ ሄዱ። መርሳ ዛሬ ይፋጃል፤ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲንቋቋ ዋለ።

ቤት ስገባ አማቴ እትዬ አስካለ ከጉባ ላፍቶ ወርደው አገኘኋቸው። እኔ ሥራ ስውል ፌቨንን ሊጠብቁልኝ። ተመስገን፣ አንድ ሐሳብ ቀለለኝ። ፌቨን አልጋ ሥር ቆርኪ ትደረድራለች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ሁለት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። "ልጄ መሐንዲስ ናት" አለ ባሌ ካሳዬ ከጋራዥ እንደገባ፣ ግሪስ በነካ እጁ ሳይነካት።

ወልድያ ለሥልጠና ተመደብሁ። ሁለት ቀን። ስለ ሕፃናት እድገት ነው አሉ። ደስ ብሎኛል… በዚያው ለፌቨን ጫማ እገዛለሁ።

ጥቅምት 13፣ ወልድያ
አሠልጣኙ የሕፃናት ሐኪም ነው። ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው። ሰሌዳው ላይ ጻፈ፣ እኛም ገለበጥን። ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር። ዓይን ለዓይን የማያይ። በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ። ዕቃ የሚደረድር፣ ሲነኩበት የሚጮህ…

አራተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ጥቅምት 14
"ምልክት ማለት ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም" አለ ሐኪሙ። "ምልክት ማለት አትለፉት፣ ይመርመር ማለት ነው።" ከዚያ "ጥያቄ ያለው?" ብዙ እጅ ወጣ። የእኔ አልወጣም። ምን ብዬ? ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስመዝን ኖሬ…

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሲሪንቃን ስናልፍ፣ ከጎኔ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ነበር። ዓመት ቢሞላው ነው። በመስኮት ግመል አየ። ጠቆመ። ከዚያ ዞሮ እናቱን አየ። አይታለች ወይ ብሎ። ከዚያ እንደገና ግመሉን።

ፌቨን ምንም ነገር አሳይታኝ አታውቅም። አንድም ቀን። እንዴት ሳላስተውል ቀረሁ?

ጫማውን ረሳሁት።

ጥቅምት 15
ከኋላዋ ቆሜ ጠራኋት። ፌቨን። ፌቩ። የኔ እናት። ሰባት ጊዜ። አልዞረችም። ማድቤት ገብቼ የብስኩት ላስቲክ ቀስ አድርጌ ቀደድሁ። እየሮጠች መጣች።

ስለዚህ ትሰማለች። ጆሮዋ ደህና ነው።

ምነው ደንቆሮ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ብላ የምትመኝ ምን ዓይነት እናት ናት?

ጥቅምት 22
ለካሳዬ ነገርሁት። ምሳ ላይ፣ እትዬ አስካለም ባሉበት።

"እኔም አፌን የፈታሁት ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነው" አለ። "እማዬን ጠይቂያት።"

"አለመናገሯ ብቻ አይደለም እኮ ካስዬ። ስትጠራት አትዞርም። ዓይንህን አይታ ታውቃለች?"

"አንቺ ሥልጠና በሄድሽ ቁጥር በሽታ ይዘሽ ነው የምትመጪው። ባለፈው የኔ ደም ግፊት ነበር።" ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

እትዬ አስካለ አቀርቅረው "አዎ… የኛ ቤት ልጅ አፉ ይዘገያል" አሉ። ግን ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ፌቨንን አዩዋት። አስተያየታቸውን አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ የማይተርፍ ሕፃን ሲመጣብኝ እንደዚያ ነው የማየው።

ለምን?

ኅዳር 3
የድሮ ስልኬ ውስጥ ቪዲዮ አገኘሁ። ፌቨን በዓመት ከሦስት ወሯ። "ውሃ" ትላለች። "አባ" ትላለች። ጥርት አድርጋ። ድምፅዋን ረስቼው ነበር።

መቼ ነው ያቆመችው? በየትኛው ቀን? ቤታችን ውስጥ ሁለት ቃል ጠፍቶ ማንም አልፈለገውም…

ካሳዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ። እሑድ ነው። ጋራዡ ዝግ ነው።

ኅዳር 12
ለሚካኤል ይዘናት ሄድን። እኔም ትድናለች ብዬ አምኜ ነው የሄድሁት፣ አልዋሽም። ከበሮው ሲመታ ጆሮዋን ይዛ መሬት ወደቀች። የጮኸችው ጩኸት የልጅ አይመስልም። ሰው ዞሮ አየን። አንዲት ሴት "ዓይነ ጥላ ነው፣ አትደብቁት" አለች። ሌላዋ የራሷን ልጅ ወደ ነጠላዋ ሳበች።

ካሳዬ ተሸክሟት ወጣ። ዛሬ ግን አልሳቀም።

ታኅሣሥ 9
ወልድያ ሆስፒታል ሐኪም እንዲያያት ሪፈር ጻፍሁላት። በራሴ እጅ፣ በልጄ ስም። እትዬ አስካለ ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን አወቁት።

"ወረቀት ላይ አታስፍሪው ልጄ። ነገ ማን ያገባታል? ማን ቤቱ ያስገባታል?"

"ገና ሁለት ዓመቷ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ለኔ ስጭኝ። ደጋ ይዣት ልውጣ። ሰው በማያያት ቦታ እኔ አሳድጋታለሁ።"

ሰው በማያያት ቦታ። ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። የሚያውቁት ቦታ ይመስል። "አይሆንም" አልኋቸው። አልተቆጡም። ከዚያ ወዲህ ግን ፌቨንን ሲይዙ ቀሚሷን ጨብጠው ነው። ሽንት ቤት እንኳ ይዘዋት ይሄዳሉ።

ታኅሣሥ 14
መንገድ በግጭት ተዘጋ። መኪና ወደ ወልድያ አያልፍም።

ታኅሣሥ 26
ዝግ ነው።

ጥር 8
ፌቨን ይኸው ቤት ናት፣ ከጎኔ ናት፣ ጎማ የሌላትን የፕላስቲክ መኪናዋን ገልብጣ ይዛለች። ግን ልጻፈው።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጣ መጣች። "ፌቨን የለችም!" እትዬ አስካለ ልብስ ሊያሰጡ ዞር ባሉበት የግቢው በር ክፍት ነበር። ጋዋኔን ሳላወልቅ ሮጥሁ። ካሳዬም ከጋራዥ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው "ፌቨን! ፌቨን!" ይላል። እኔም እጮኻለሁ። እየጮኽሁ አንድ ነገር መጣብኝ። ማን ይመልስልናል? ስሟን ማንም ቢጠራው እሷ ዘንድ አይደርስም። ከዚህ አጥር ጀርባ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል፣ በአጠገቧ አልፌ ሊሆን ይችላል…

እትዬ አስካለን ያየኋቸው ያኔ ነው። አይጣሩም። አንድም ጊዜ አልተጣሩም። ነጠላቸውን ጥለው፣ በባዶ እግራቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ይሮጣሉ። ማን ወንዝ አለ? ፌቨን ወንዝ ሄዳ አታውቅም።

ካሳዬ ነው ያገኛት። አስፋልቱ ዳር፣ የቆመ አይሱዙ ሥር። ከኋላው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብላ ብሎኖቹን በጣቷ ትነካካለች፣ አንድ በአንድ። ሞተሩ ተነስቷል። ሹፌሩ መስታወቱን እያስተካከለ ነበር። ካሳዬ ከአንድ ሜትር ላይ "ፌቨን!" አላት። አላየችውም። በሆዱ ተኝቶ ገብቶ በእግሯ ጎትቶ አወጣት። ስትወጣ ጮኸች። ስለፈራች አይደለም። ከጎማው ስለለያት ነው።

መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ይዟት፣ "አልሰማችኝም ቡርቱካን… አጠገቧ ሆኜ አልሰማችኝም" አለኝ። ሰው ሁሉ እያየ አለቀሰ።

ጥር 9
እትዬ አስካለ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

"አንቱ ለምን ወደ ወንዙ ሮጡ?"

ወለሉን እያዩ ነገሩኝ። እንዳሉት ልጻፈው፦

"ከካሳዬ በላይ ወርቁ የሚባል ልጅ ነበረኝ። መልከ መልካም። አይናገርም፣ ሲጠሩት አይዞርም። ድንጋይ ይደረድራል፣ ቀኑን ሙሉ። እርግማን ነው አሉን። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባዋለን። እርሻ ስንሄድ ከምሰሶው እናስረዋለን… እንዳይጠፋ ብለን እኮ ነው። እጁን እንዳይልጠው በነጠላዬ ነበር የማስረው። አንድ ክረምት አሳዘነኝ፣ ፈታሁት። እንጨት ይዤ ስመለስ የለም። ስሙን እየጠራሁ ዋልሁ። ድምፄ እስኪዘጋ። ሲጠሩት እንደማይመልስ እያወቅሁ! ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቀድሜ ወደዚያ ብሄድ ኖሮ…"

ካሳዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደገባ አላየንም። ወንድምህ በንዳድ ሞተ ተብሎ ነው ያደገው።

"ስንት ዓመቱ ነበር?" አለ።

"ስድስት።"

"እኔስ?"

"አንተ ትድህ ነበር።"

ካሳዬ እናቱን አልወቀሰም። አላቀፋቸውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሦስታችንም ፌቨንን አየናት። እትዬ አስካለ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እኔ ሥልጠና ሄጄ የተማርሁትን እሳቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻቸውን ተሸክመውታል።

የካቲት 2
መንገድ ዝግ። ካሳዬ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና አለ ወይ ብሎ በየቀኑ መናኸሪያ ይሄዳል። አሁን እሱ ነው የሚቸኩለው።

መጋቢት 4፣ ወልድያ
ተከፈተ። አራታችንም መጣን። ሐኪሙ ወለል ላይ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል አያት። ጠየቀን። እኔ ስመልስ እንደ ነርስ ነበር የምመልሰው፣ በወርና በሳምንት። በመጨረሻ ቃሉን ተናገረው። አውቀው ነበር።

"ትድናለች?" አለ ካሳዬ።

"ክኒን የለውም። ግን ትማራለች። ምን ያህል እንደሆነ አሁን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ትናገራለች የሚላችሁን አትመኑት። አትናገርም የሚላችሁንም።"

እትዬ አስካለ ተነሱ። ሐኪሙን "እናት ናት ወይ ያመጣችው? ማሰሩ ነው ወይ ያባሰበት?" አሉት። ስለማን እንደሚጠይቁ አልገባውም። "የእናት ጥፋት አይደለም እማማ" አላቸው። ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ለተጨማሪ ምርመራ ደሴም ሂዱ ብሎናል። መንገዱ ከፈቀደ።

ሚያዝያ 17
በቀን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ተኝቼ ከሷ ጋር እጫወታለሁ፣ ሐኪሙ እንዳለው። እሷ ምን እንደምታይ ለማየት። አንዳንድ ቀን ከጎኗ መኖሬን የምታውቅ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

እኔ ስሞትስ? ይኼን ጥያቄ ለካሳዬ አልነገርሁትም። እሱም የሆነ ነገር አልነገረኝም፤ ከዓይኑ አየዋለሁ።

ግንቦት 21
ዛሬ ክፍሌ የገባችው ናጅዋ ትባላለች። ግራና ከሚባለው ከተማ ነው የመጣችው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ልጁ ዓመት ከስድስት ወሩ። ሳል ይዞት ነው ያመጣችው። ደረቱን አዳመጥሁ፣ ንጹሕ ነው።

"ሌላውስ እንዴት ነው?"

"አልሀምዱሊላህ። ዝምተኛ ነው እንጂ። ምንም አያስቸግረኝም።"

ዝምተኛ…

ስሙን ጠይቄ ጠራሁት። ሁለቴ። ሦስቴ። ዓይኑን ከሚሽከረከረው ቬንትሌተር አላነሳም። "ጆሮውን ነው መሰለኝ" አለች ፈጠን ብላ። ፊቷን አየሁት። ታውቃለች። የምታውቀው ነገር ስም ስለሌለው ነው እንጂ ታውቃለች።

"ናጅዋ፣ የኔም ልጅ እንዲህ ናት" አልሁ። ለማላውቀው ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉን ነገርኋት። መመርመር እንዳለበት፣ ላይሆንም እንደሚችል።

ብድግ አለች። ልጁን አዘለች። ካርዱን ከእጄ ወሰደች። "የኔ ልጅ ደህና ነው" አለች። አልተከተልኋትም። ውጭ ወረፋው ይንጫጫል። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

"ያንቺዋ… አሁን ትናገራለች?"

ውሸቱ አፌ ላይ ነበር።

"አትናገርም" አልሁ። "ግን እኔ ያወቅሁት በሁለት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። አንቺ ስምንት ወር ቀድመሽኛል።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ልጁን ግን ከጀርባዋ አላወረደችውም።