የምትኩ መሣሪያ እንጦጦ ላይ

ወንድሜ ሣህሌ፣

ልጅህ ምትኩ የሕክምና ትምህርቱን ስለተወብህ ልቆጣልህ ነበር የመጣሁት። እሱ ግን ለሳተላይት ከሚሠራቸው መሣሪያዎች አንዱን ይዞ እንጦጦ ማርያም አወጣኝ። መሣሪያው ከጠፈር የሚወርዱ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ይቆጥራል። ሾላ ገበያ በደቂቃ አርባ ጊዜ ቀጭ ያለው፣ እዚህ ሃምሳ ስምንት ጊዜ አለ። «ተበላሽቷል» ብዬ ሰዓት ይዤ ሦስት ጊዜ አስቆጠርኩት።

«አልተበላሸም ጋሼ፤ ከፍ ስንል ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ ብዙም አያግዳቸውም» አለኝ።

ለካ ቅንጣቶቹ ዕድሜያችንን ሙሉ በሰውነታችን ሲያልፉ ኖረዋል፤ ድሬዳዋ ቆላ ስለሆነ ላንተ ትንሽ ያንሳሉ። ሰማይ ሰማዩን እያየሁ መቆጣቱን ረሳሁት።

«አባባ አሁንም እንደተቀየሙኝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ሳምንት ወደሚሠራበት ውጭ አገር ይመለሳል፤ ቴሌግራም አድርግለት። እናቱን ሮማነወርቅን ሰላም በልልኝ፤ እሷስ ይቅር ካለችው ቆየች።

ወልደ ሰንበት