ቃል ስለጠፋባት አራሚና መዝገብ ቤት ስለማይገባው ሆርሞን

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎ፣ ይልቁንም እንቅልፍዎ፣ እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሰባት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ስለከረምኩ የሰው እንቅልፍ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል።

እንደሚያውቁት ለሃያ ሁለት ዓመት ከመማሪያ መጻሕፍት ላይ ግድፈት ስለቅም የኖርኩ አራሚ ነኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ በስብሰባ መካከል «መቀስ» የሚለው ቃል ጠፍቶኝ በሁለት ጣቴ አየር እየቆረጥኩ ሳሳይ፣ ሳቅዎን በመሀረብ ስለሸፈኑልኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ቅሬታዬም የሚከተለው ነው።

፩ኛ. በማግስቱ «ሆርሞኗ አስቸግሯት ቁጡና ዝንጉ ሆናለች» ብለው ጽፈው ወደ ወረቀት መጋዘን አዛወሩኝ። ቁጣውን አልክድም። ቤቴም ውስጥ ለተሰበረ ብርጭቆ ስቅስቅ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ባለቤቴ ያበድኩ መስሎት ቢላዋ መደበቅ ጀምሮ ነበር። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ለማንም ሳልተነፍስ ከረምኩ።

፪ኛ. በመጨረሻ ታናሽ እህቴ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ፣ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሥራው ማህፀን ላይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ስሜትን የሚያረጋጋውን ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያግዛል። በእኔ ዕድሜ፣ የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ፣ ከፍ ዝቅ ሲል እንቅልፍም፣ ስሜትም፣ ቃልም አብረው ሊናጉ ይችላሉ። «አላበድሽም እህቴ፤ አንጎልሽ የለመደው ቀርቶበት ነው» አሉኝ። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ፤ ይህኛው ግን የእፎይታ ነበር።

የሐኪሟን ማስረጃ ባቀርብልዎ በጣትዎ ጫፍ አንጠልጥለው «ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ መዝገብ ቤት አይገባም» አሉኝ። ለቅጣት ሲሆን መዝገብ የሚገባ፣ ለሕክምና ሲሆን ደጅ የሚቀር ሆርሞን እንዳለኝ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ። በማህደሬ ይመዝገብልኝ።

በእኔ ቦታ «ረጋ ያሉ» ብለው የመረጧቸው ባልደረባዬ «ሰው የሚያስበው በአንገቱ ነው» የሚል የሳይንስ መጽሐፍ አሳልፈው ስምንት ሺህ ቅጂ ታትሟል። ይህን ስህተት ለማለት፣ እርስዎን እያሰብኩ፣ አመነታለሁ። የምርት ክፍሉ ግን ትናንት ወደ ወንበሬ እንድመለስ ለምኖኛል። ሕክምናው ረድቶኝ እተኛለሁ፤ ቃሎቼም አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው። እኔ ግን ያ የዝውውር ደብዳቤ ከማህደሬ ሳይወጣ አልመለስም።

የተረጋጋ አንጎልዎን አንዳች ሐሳብ እንዳይነካብን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የመጋዘን ቁልፍ ያዥዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የዝውውር ደብዳቤዎን በቀይ አርሜ አያይዣለሁ፤ በአሥራ አንድ መስመር ስድስት ግድፈት አለበት። ከፊርማዎ ሥር ያለውን «ኃላፊ» ግን በሁለቱም ትርጉሙ ትክክል ስለሆነ አልነካሁትም።