በርሜሉ ምን አለ?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 3

ዝናብ። የያቭነ አውቶቡስ ዛሬም ዘገየ። የምሠራበት መዋያ፣ ሕፃናቱ ጋ የደረስኩት ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ ነው።

ስመለስ ስልኬን ስጎረጉር ያቺን ፖድካስት አገኘኋት። ማዕያን የምትባለዋን ልጅ ታሪክ! አሥራ አምስት ዓመቴ ሳለ፣ ከጎንደር ወደ እስራኤል በመጣን በዓመቱ፣ ዕብራይስጥ የለመድኩባት። ማዕያን ማታ ማታ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ ከዱዱ ጋር ታወራለች። ዱድ... ያ የውኃ ማሞቂያ በርሜል። ይመልስላታል፣ ይመክራታል። እኔ እየሰማሁ ለእማዬ በአማርኛ አወራላት ነበር። በስልክ ደግሞ እዚያው ለቀረው ወንድሟ፣ ለአያ ቢረሳው። "ሙሉዬ፣ በርሜሉ ዛሬ ምን አለ?" ይለኛል።

የመጨረሻውን ክፍል ግን አልነገርኩትም። ፈተና መጣ፣ ከዚያ የሠራዊት አገልግሎት... ራሴም አልሰማሁት።

ዛሬም ደውሎ ነበር። አላነሳሁም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ጌዴራ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመናል። ጆሮዬ ላይ ማዕያን "ላይላ ቶቭ፣ ዶድ" አለች፤ ደህና እደር ማለቷ ነው። መለስ አድርጌ ሰማሁ። ዶድ። ዱድ አይደለም። አጎት!

ለካ ጣሪያ ላይ የምትወጣው ስልክ የተሻለ የሚይዘው እዚያ ስለሆነ ነው። ሩቅ አገር ላለው አጎቷ ልትደውል። ከድምፁ ጀርባ የሚንሿሿውም ውኃ ሳይሆን መስመሩ ነው።

ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወታደር ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋብኝ። እዚህ አገር ስንገባ መጀመሪያ ካወቅናቸው ቃላት አንዱ ዱድ ነው፤ ዱዱን አብሩ፣ ዱዱን አጥፉ። ዶድ የሚለውን በምን ልማረው? የምጠራው አጎት አጠገቤ የለ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 6

ለእማዬ ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር።

"ምን? በርሜሉ ሰው ነው?"

"አጎቷ ነው፣ እማ።"

"ኧረ ተይ! እኔ እኮ ይኸን ሁሉ ዓመት የኛን ዱድ ባበራሁት ቁጥር እንደምን አመሸህ እለዋለሁ!" እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ እጇን ጠረገች። "ሙሉዬ ስልክ አታነሳልኝም ብሎ ቢረሳው ነገረኝ።"

"ሥራ ላይ ሆኜ እኮ ነው።"

"ቤሰደር" አለች። እሺ ማለት ነው። እሺ ብቻ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ለምን አላነሳም? ማንም አያነበውም፣ እውነቱን ልጻፍ። ሲደውል "ስሜ ወጣ?" ይለኛል። ወደዚህ ለመምጣት ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ ማለቱ ነው። አልወጣም ማለት ሰለቸኝ... አይ፣ ውሸት ነው። ሰልችቶኝ አይደለም፣ አፍሬ ነው። እኔ እዚህ በሙቅ ውኃ እየታጠብኩ፣ እሱ...

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 7

የመጨረሻውን ክፍል ሰማሁ። ማዕያን አድጋለች፤ ጣሪያ መውጣቷን ትታለች። አጎቷ ይደውላል። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይጮኻል፣ ይጮኻል... አለቀ። ታንሳ አታንሳ አይነግሩንም!

እንዲህ ያለ ክፋት አለ? ግን በማን ልናደድ? ያቺው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 8

እማዬ ዱዱን ስታበራ "እንደምን አመሸህ፣ ቢረሳው" ስትል ሰማኋት። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 10

ከሥራ ስመለስ ደወለ። አነሳሁ።

"ሙሉዬ! አለሽ?"

"አለሁ፣ አያ። ስምህ አልወጣም።" ሳይጠይቀኝ ነገርኩት።

"እሱን ማን ጠየቀሽ? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው እንጂ። ይልቅ በርሜሉስ?"

በርሜል እንዳልነበረ ነገርኩት። አጎቷ እንደነበረ።

"ታዲያ ሰውየውን ይኸን ሁሉ ጊዜ ጣሪያ ላይ አስቀምጠሽ ብርድ አስመታሽው!" ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

መጨረሻውንም ነገርኩት። መሳቢያውን፣ ጩኸቱን።

"እና... አነሳችለት?"

"አነሳች" አልኩት።

"ቆይታ ነው ያነሳችው?"

"በጣም ቆይታ።"

"ይሁን" አለ። "ካነሳች ምን አለ።"