እህቴ የምትኖርበት መንገድ

አብሮ አደጌ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ እህቴን ልጠይቅ መጥቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ምሳ እየበላን ባሏ ደረቱን ይዞ ወደቀ። አምቡላንስ ስትጠራ «የመንገዱ ስም ማን ነው?» አሏት። እዚህ ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ ስም የሚያወጣው ለሕዝብ መንገድ ብቻ ነው፤ የእነሱ ደግሞ የግል ነው፣ ባለቤቱም ስም አላወጣለትም። የዋናውን ጎዳና ስም ብትነግራቸው እዚያው ላይ ሲመላለሱ ቆዩ። ሮጬ ወጥቼ ይዣቸው ስመለስ አማቼ አልፏል። እኛ ሰፈር ቢሆን «ከልብስ ሰፊው ጀርባ» ማለት ይበቃን ነበር።

ትናንት የመንገዱ ባለቤት መጥቶ «በሟች ስም ልሰይመው» አላት። «ስሙን ግድግዳ ላይ እያየሁ ልውጣ ልግባ?» ብላ በሩን ዘጋችበት።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት፤ እኔው መጥቼ አረዳታለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም።