ስለ እህቴ የነገርኳቸው

ነሐሴ 4፣ ጠዋት

ዛሬም ጉም። ወልቂጤ የለችም፤ ከመስኮቴ ማዶ ነጭ ብቻ። የባጃጅ ድምፅ ይመጣል፣ ባጃጁ አይመጣም። ሻይ ቀዳሁ፣ ስልኬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ቀረጽኩ። ስለ ምንም። ጉም ሲያልፍ ስለሚሰማኝ ነገር፣ በዝግታ፣ እንደ እንቅልፍ። ት/ቤት ዝግ ነው። የአፀደ ሕፃናት መምህርት በክረምት ምን ሥራ አላት?

ለጠፍኩት። ሻዩ ሳይበርድ ልቦቹ መጡ። ቀያይ፣ ትናንሽ፣ ከታች ወደ ላይ እየተንሳፈፉ። "ቲጂዬ፣ ድምፅሽ መድኃኒት ነው።" አንተ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም፣ ማስታወሻዬ። ግድ የለም፣ አልቀየምህም።

ነሐሴ 9፣ ምሽት

ከቡታጅራ ገና መግባቴ ነው። አባባን ልጠይቅ ሄጄ። እማማ ካረፈች ወዲህ ታላቅ እህቴ ብርቄ ጋ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት፣ ከጀርባው መኖሪያዋ። ልጆቿ አዲስ አበባ ናቸው፤ ብቻዋን ነው የምትይዘው።

አባባ አወቀኝ። ቆይቶ ረሳኝ። ደግሞ አወቀኝ። ፊቱ ሲበራና ሲጠፋ አይ ነበር።

ያየሁትን ግን ልንገርህ። የግቢው በር ከውጭ መቀርቀሪያ ተገጥሞለታል። አዲስ። ብርቄ ወደ ሻይ ቤቱ ስትሄድ ትቀረቅረዋለች። ስንቱን ያስታረቀ ሽማግሌ፣ እንደ ጥጃ!

ለምን አልኳት። ደንበኛ አለብኝ፣ ቆይ እነግርሻለሁ አለች። ደንበኛው አላልቅ አለ። ሚኒባሱ ሞላ። ሳንነጋገር ተለያየን።

መንገድ ላይ ዝናብ። የጠብታው ጥላ ፊቴ ላይ ይወርዳል፤ በስልኬ አየሁት። ያምር ነበር። ማማሩን አስቤ እንደነበር አንተን አልዋሽህም። አለቀስኩ። "እህቴ አባቴ ላይ በር ትዘጋለች" አልኩ። ስም አልጠራሁም። ጉብሬ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ለጠፍኩት።

ነሐሴ 10

ስነቃ ስልኩ ግሏል። ሺህ በሺህ ላይ። "እህት ሳትሆን እባብ ናት።" "የአባት እንባ መሬት አይወድቅም።" "አንቺ መልአክ ነሽ ቲጂ።" አንዲት ሴት ከአረብ አገር በድምፅ አለቀሰችልኝ፤ ሦስቴ ሰማኋት። ደረቴ ሞቀኝ። አልጋው ከወለሉ ከፍ ያለ መሰለኝ።

ብርቄ ደውላ ነበር። አላነሳሁም። ኮመንት እያነበብኩ ነበር።

ነሐሴ 14

ወ/ሮ አስናቀች ከቪዲዮው ሥር ጻፉ። አብረውኝ ያስተምራሉ፤ ከጎጃም መጥተው ወልቂጤ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። "ትግስትዬ፣ ለምን እንደምትዘጋ እህትሽን ጠይቀሻታል?"

ይኸው ነው የጻፉት። ቤተሰቦቼ ወረዱባቸው። (ተከታዮቼን ቤተሰቦቼ ነው የምላቸው፤ ሁሉም እንዲህ ይላል።) አሮጊት፣ ቅናተኛ፣ የተላኩ። እኔስ? ጽሑፋቸውን አጠፋሁ፤ ብሎክ አደረግኳቸው። እንዲሁ የጠየቁ ሌሎችም ነበሩ፤ እነሱንም።

አሁን ገጼ ንጹህ ነው። የሚጠይቅ የለም። የምናገረው ተመልሶ ይመጣል፣ ከሄደበት አምሮ።

ነሐሴ 19

በየምሽቱ ላይቭ እገባለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ ክፍሉ ጨለማ፣ ፊቴ ብቻ በስክሪኑ ብርሃን።

ትናንት አንዱ፣ እህትሽ ቤቱን ፈልጋ ነው አለ። እኔ አስቤው አላውቅም። ቀጥሎ ሌላው አለ። ከዚያ ሁሉም። ላይቩ ሳያልቅ እኔው ራሴ በዚያ ለስላሳ ድምፄ "ቤቱን ፈልጋ ነው" ስል ሰማሁት። የማን ቤት? አባባ እኮ ቤት የለውም፤ ቡኢ ያለው የአያቶቻችን ቤት ፈርሷል። ይህን አሁን ለአንተ ስጽፍ ነው ያስታወስኩት።

ብርቄ ወንዝ በጀርባዋ ያሻገረችኝ ትዝ አለኝ። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ። አልነገርኳቸውም። ላይቩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ነሐሴ 24

አንድ የቡታጅራ ልጅ አወቃት። ሻይ ቤቷ እዚህ ነው ብሎ ከቪዲዮዬ ሥር ፎቶዋን ለጠፈ። ብርቄ ጀበና ሳይሆን ያን ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ጎን፣ ከደንበኛ ጋር እየሳቀች። ፎቶ እየተነሳች መሆኗን አታውቅም።

ማጥፋት ነበረብኝ። ልቦቹን አየሁ። በገጼ ላይ እንዲህ የተወደደ ነገር ኖሮ አያውቅም። ነገ አጠፋዋለሁ።

ነሐሴ 25

አላጠፋሁትም።

ነሐሴ 28፣ ከሰዓት

ብርቄ ደወለች። ዛሬ አነሳሁ።

አልጮኸችም። ሰው ሻይ መጠጣት ትቷል አለችኝ። የማታውቃት ልጅ ገብታ ስልክ ፊቷ ላይ ደቅና፣ ሽማግሌው የት ነው ብላታለች። እሁድ ጸሎት ቤት አጠገቧ የተቀመጠ የለም። መጨረሻ ላይ ድምጿ ተሰበረ።

"በሩን ከፍቼዋለሁ፣ ትግስት። ወሬኛው ሁሉ እንዲያይ። ደስ ይበልሽ።"

ዘጋችው።

ማታ ላይቭ ገብቼ፣ በሩ ተከፈተ አልኳቸው። አሸነፍን አሉ። ልብ ዘነበ፣ ስክሪኑ አልታይ እስኪል። ውኃ ላይ እንደተኛ ሰው ተኛሁ።

ጳጉሜን 2

አባባ የለም።

ብርቄ ጎህ ሳይቀድ ምድጃ ስታቀጣጥል ወጥቷል። በሩ ክፍት ነው። ጉም ነው። ማንም አላየውም።

የመቀርቀሪያውን ነገር ዛሬ በስልክ ነገረችኝ። በሐምሌ አንድ ጠዋት ከአስፋልቱ መሀል ነው ያነሱት፤ አይሱዙ ለጥቂት ስቶታል። ቡኢ እሄዳለሁ፣ እናትሽ ከገበያ ትመለሳለች ይላል። ከዚያ ወዲህ ነው መቀርቀሪያው። "ልነግርሽ ስንቴ ደወልኩ። ስልክሽን አታነሺም።"

የአባባን ፎቶ ለጠፍኩ። እርዱኝ አልኩ። የጸሎት እጆች፣ ሻማዎች፣ የተሰበሩ ልቦች። አንዱ ወልቂጤ መናኸሪያ አየሁት አለ። ሮጥኩ። ሌላ ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ብቻ ይመሳሰላል። ሆሳዕና አለ ሌላው። መርካቶ አለች ሌላዋ። ቡኢ ያለ ማንም የለም፤ እኔም ቡኢ ብዬ አልጻፍኩም፣ ራሴ ዞሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዱ፣ እህትየዋ ደብቃው ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ምን አድርጋው ነው ብቻ ሆነ። እባካችሁ አትበሉ፣ እሷም እየፈለገች ነው ብዬ ጻፍኩ። ጠጠር ሐይቅ ላይ የጣልኩ ያህል። "ምስኪን፣ አስፈራርተዋት ነው።"

አሁን ቡታጅራ መንገድ ላይ ነኝ። ከመስኮቱ ውጭ እንሰቱ ሁሉ የሰው ጥላ ይመስለኛል። ቁጭ ያለ፣ የቆመ፣ እጁን የሚያውለበልብ። ሹፌሩን ሁለቴ አስቆምኩት።

ጳጉሜን 3

ተገኘ። ተገኘ። ተገኘ።

ቡኢ ነው የተገኘው። ከብርቄ ሻይ ቤት ጎን ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጠው ጎረቤቷ ሸምሱ፣ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ መናኸሪያ ቆሟል። በቡኢ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ሹፌር ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካያችሁ እያለ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሹፌር ወሬውን ይዞ መጣ። በሸምሱ መኪና ሄድን። ብርቄ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ናት ያገኘችው፣ ዘይነባ የምትባል። በጃንጥላዋ ሥር ተቀምጧል፣ ጋቢ ደርባለታለች። ሌሊቱን ቤቷ አሳድራዋለች። ሸምሱ ሰላምታ አቀረበላት፣ እሷም "ወአለይኩም ሰላም" ብላ ፍም ማራገቧን ቀጠለች።

"ሚስቴ ከገበያ ትመጣለች ይላሉ" አለችን። "ትመጣለች፣ እስክትመጣ ይብሉ አልኳቸው። ምን ልበል?"

እግሩ አብጧል። ብርቄ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጫማውን ፈታች፣ እግሩን በነጠላዋ ጠቀለለች። ጭሱ በላያቸው ያልፋል፣ ብርሃኑ ስስ ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ ገባ። ስልኩን ጨበጥኩት። ያወቅኩት ከጨበጥኩት በኋላ ነው።

ብርቄ ቀና ብላ አየችኝ።

"ትቀርጪዋለሽ?"

በቁጣ አይደለም። ሻይ ትጠጪያለሽ ብላ እንደምትጠይቀው።

ጳጉሜን 5

ሁሉንም ነገርኳቸው። አይሱዙውን፣ ያላነሳሁትን ስልክ፣ ቡኢን። እህቴ አልበደለችም፣ የበደልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ሳልዋብ፣ መስኮት ጋ ሳልቆም።

"አስገድደዋት ነው።" "ዓይኗን እዩት፣ ፈርታለች።" "ቲጂ፣ ካስፈራሩሽ ፀጉርሽን ንኪ።" ጮኽኩ። እውነቴን ነው! አለቀስኩ። ለልቅሶው ልብ ዘነበ። ሳላስበው ፀጉሬን ነክቼ ኖሮ፣ ያንን ቆርጠው አሰራጩት።

የሚያምነኝን ሰው በአእምሮዬ ፈለግኩ። ሁሉንም ያገድኳቸው እኔው ነኝ።

ከሰዓት ወ/ሮ አስናቀች ቤት ሄድኩ። ጃንጥላ እንኳ አልያዝኩም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ፎጣ ሰጡኝ። ቆሎ አቀረቡ። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ አባትሽ እግሩ እንዴት ሆነ አሉ፤ ያን ብቻ። ዝናቡ እስኪያባራ ቆሎ ቆረጠምን። ከሰው ጋር ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

መስከረም 7

በእኛ አገር ተጣልቶ ወደ መስቀል በዓል የሚገባ የለም፤ ሸምሱም ያውቀዋል፣ እሱ ነው ያገናኘን። በሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር። ደንበኛ አሁንም ጥቂት ነው። ሽማግሌው ጥፋትሽን ተናገሪ አሉኝ። ተናገርኩ። ብርቄን፣ ምን ቅር አለሽ አሏት።

ብርጭቆዋን ወደ ጎን ገፋች።

"የሰደቡኝስ አያውቁኝም" አለች። "አንቺ ግን፣ እኔ ስሰደብ ደስ ብሎሽ ነበር። ፊትሽን አይቼዋለሁ እኮ፣ ትግስት። በየምሽቱ አይሽ ነበር።"

በየምሽቱ። ከነዚያ ሁሉ ዓይኖች መሀል የእሷም።

ጉልበቷን ሳምኩ። አነሳችኝ። ታርቀናል፤ ግን ስታነሳኝ እጇ ቀላል ነበር፣ የሸክላ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው። ጊዜ ይፈልጋል።

ማታ ገጹን ዘጋሁት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴ ሳይነካው ብዙ ቆየ። ይህንንም አልዋሽህም።

መስከረም 13፣ ቡታጅራ

ወደዚህ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ይፈቀድ አይፈቀድ አላውቅም። እስኪወሰን፣ አርብ ከክፍል ወጥቼ ሚኒባስ፣ እሁድ ማታ መመለስ። ጠዋት ጠዋት አባባን እኔ ይዤው እወጣለሁ፤ መሄድ ነው የሚፈልገው፣ ይሂድ። ብርቄ ሻይዋን ትሸጣለች። ትናንት ሁለት የድሮ ደንበኞቿ ተመልሰዋል፤ ሳያፍሩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ስኳር ጨመረችላቸው።

እጄ አሁንም ኪሴን ይፈልጋል። ደስ የሚል ነገር ሳይ፣ ይህን ብነግራቸው የሚል ድምፅ ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ የፀሐይ ብርሃን በአደይ አበባው ላይ ፈሰሰ፤ አባባ ቆሞ እጁን ዘረጋበት፣ የሚሞቅ ይመስል። የሚያይልኝ አልነበረም። ቆምኩ። ቆየሁ። ከዚያ አለፈ።

አባባ "ብርቄ" አለኝ። አይደለሁም፣ ትግስት ነኝ ልል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ስሜን እንዲጠራው ለፍቼ የለ?

"አቤት አባባ" አልኩት።

"ደክሞሻል። እጅሽን አምጪ።"

ከእንግዲህ በፈለገው ስም ይጥራኝ፤ አቤት እለዋለሁ። ወስኛለሁ። አሁንም ግቢ ውስጥ ሆኖ እየጠራ ነው፣ ብርቄ፣ ብርቄ እያለ፤ እሷ ከሻይ ቤት፣ እኔ ከዚህ፣ እኩል አቤት አልን፣ ሳቋ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ ኮቱን ለብሷል፣ ልውጣ